ወይራ ወይስ ዋንዛ

የታሰርኩበት ክፍል ደብረ ማርቆስ ውስጥ የነበረ የእህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ ያረጀ ገብስና አይጥ ይሸታል። ከእኔ በፊት የገቡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ቦታ ለቀቁልኝና «ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንድ። ጡት ከጣለ ገና ነው። ጎረቤት ጥዬው መጣሁ።»

«እንግዲያው አታልቅሺ፤ የምትመልሺውን አስቢ።»

የማስበው ስለ እንጨቱ ነበር። ባለቤቴ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ገብቶ ነበር። የሽጉጡ እጀታ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ጠምጥሞት መጣና እንጨት ፈልጊልኝ አለ። «ዋንዛ ይሁን፤ ለመጥረብ ይቀላል።»

«ዋንዛ ለበርጩማ ነው» አልኩት። ከእጁ ቢያመልጠው፣ ቢሰነጠቅበት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጉጥ የሌለው፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ቆሞ የደረቀ ወይራ እስካገኝ ስንቱን አነሳሁ፣ ስንቱን ጣልኩ! እሱ ቅርጹን ጠርቦልኝ ሄደ። እኔም በሻካራ ድንጋይ አለሰልሰው ጀመር። እሱን ፍለጋ የመጡት ወታደሮች ምድጃው ሥር እንጨቱን አገኙ። እንጨቱን፣ አጠገቡ የነበረውን የወተት ቅልና እኔን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ጣሊያኑ መኮንን እንጨቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አጠፈበት። ልክክ አለለት።

«ይህ ምንድን ነው ይልሻል» አለ አስተርጓሚው። የአገራችን ሰው ነው።

«ወይራ ነው፣ ጌታዬ። የወተት ዕቃ የማጥንበት።»

«በሁዳዴ?»

«ልጄ ሕፃን ነው። እሱንም ላስጹመው?»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቀ። መኮንኑ ግን አላመነም። ፍም አስመጣ።

«በይ አጥኚ ይልሻል።»

ያን ያህል የለፋሁበትን እንጨት ፍሙ ላይ አኖርኩት። አልጨስ አለ። እፍ አልኩ፤ አሁንም እፍ አልኩ። ባይጨስ እኔም ባለቤቴም አለቀልን። ጫፉ ጠቆረ፣ ከዚያ ጢሱ ቀስ እያለ ወጣ። ቅሉን ደፋሁበት። ክፍሉ በወይራ ሽታ ሲሞላ መኮንኑ እያሳለ ተነሳ፤ ትሂድ ብሎ በእጁ አሳየና ወጣ። ዋንዛ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? በዋንዛ ማን የወተት ዕቃ ያጥናል?

አስተርጓሚው ጎንበስ አለ። «ሂጂ። ግን ሁለተኛ ማገዶ እንዲህ አታለስልሺ» አለኝ በሹክሹክታ።

ክው አልኩ።

በሩ ተከፍቶልኛል፤ መሮጥ ነበረብኝ። ዞርኩ።

«ቅሌን» አልኩ።

«ምን?»

«የልጄ ነው። ሳልይዝ አልሄድም።»

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ነፍስሽ ተርፋ!» አለ። ግን ከፍሙ ላይ አነሳና በሁለት እጁ ሰጠኝ። መቀነቴን አጠበቅኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ሳልሮጥ ወጣሁ።

ባልቴቷም ከፋሲካ በኋላ ተፈቱ። ባለቤቴ ጣሊያን ሲወጣ በሰላም ገባ፤ ልጄም ዛሬ በቁመት በልጦኛል። ሰው ሲሰማ «ደፋር ነበርሽ» ይለኛል። ኧረ ምኑን! እንጨት ሳማርጥ የከረምኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ያን ቀን ሳስታውስ አሁን ያስቀኛል። ብቻ ከመሳቄ በፊት በሩ መዘጋቱን አያለሁ።