ሙሄዲን ቁልቁለቱን ብቻውን የወረደ ዕለት

ቡሬ ላይ የፍሬን ነገር ሲነሣ ሾፌሮች እስከ ዛሬ «ሙሄዲን ጋ እንዳትሄድ፤ ወንዳወቅን የጨረሰው እሱ ነው» ይላሉ። ወንዳወቅ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከነአባዱላ ሚኒባሱ ገደል ገባ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍሬኑን ያደሰለት ሙሄዲን ስለነበር ሰው ሌላ ምክንያት አልፈለገም። እናታችን እህተ ማርያም ባለፈው ኅዳር ዐረፈች። እሷ በሕይወት ሳለች ሊጻፍ የማይገባው አሁን ይጻፍ።

ሙሄዲን የቡሬ ልጅ ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ሱቁን ትቶ ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ጋራዥ ከፈተ። ጫማውን ሳያወልቅ ፔዳል አይረግጥም። «ጫማ ይዋሻል» ይላል። ከወንዳወቅ ሞት በኋላ ደንበኛው ሳሳ፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ስለ ራሱ ሲከራከር አልተሰማም።

ታናሽ ወንድሜ ክንዱ የሟቹን ሥራ ያዘ። ሌላ አባዱላ ገዝቶ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ይጭን ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ የእሱም ፔዳል መስጠም ጀመረ። ጠዋት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቁልቁለት ላይ ሲደጋገም ወለል ይነካል። አንድ ጋራዥ ከፍሬኑ መስመር አየር አወጣለት፤ ሌላው የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደር ለወጠለት። ምንም ለውጥ የለም። በማግስቱ ለቀስተኞች ጭኖ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሊወርድ ቃል ገብቷል፤ ወንድሙ በሞተበት መንገድ። ሌላ የሚወስድበት ሲያጣ ሙሄዲን ጋ ሄድን። እናቴም ልጇን ለዚያ ሰው ትታ መቅረት ስላልወደደች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጣች።

ሙሄዲን ጫማውን አውልቆ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ፔዳሉን ረገጠና ያዘ፤ ብዙ ቆየ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ አየ፤ የሚያንጠባጥብ ነገር የለም።

«ደህና ነው እኮ!» አለ ክንዱ፣ ተስፋ እያደረገ።

«የወንዳወቅም ደህና ነበር» አለ ሙሄዲን። «እዚችው ግቢ ቆማ ሳለች።»

እናቴ ከኋላ ሰማችው። «ስሙን አትጥራ! አንዱን በላህ፤ ይኸው ሁለተኛውን አመጣንልህ።»

ሙሄዲን ወደ ክንዱ ዞረ። «ዘይቱ ይጎድላል?»

«ኧረ ምን ጎድሎ! ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የማገኘው።»

«ሰው ካልጨመረበት በቀር የፍሬን ሸራ እያለቀ ዘይቱ የማይጎድል መኪና አላውቅም» አለ ሙሄዲን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ይውረዱልኝ። ሁላችሁም ውረዱ። ፍሬኑ ሲግል ነው የማየው፣ ብቻዬን።»

ከጋራዡ በታች ወደ ወንዙ የሚወርድ የጠጠር መንገድ አለ። አባዱላዋ ፍሬን እየያዘች እየለቀቀች ወረደችና ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ጠፋች። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወደ ላይ መጣ። ድንገት ሞተሩ በከባድ ማርሽ አጓራ፤ የሆነ ነገር ተፋተገ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የወንዳወቅ ዕለት ያዩ እረኞች የነገሩንም ይህንኑ ነበር፤ መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ጸጥታ።

«ሂድና እየው እንጂ!» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ክንዱ እያየች።

መኪናዋ ቀስ ብላ ስትወጣ አንድ ጎኗ በቀይ አፈር ተለስኗል። ሙሄዲን ከዳገቱ ግድግዳ ጋር እያሻሸ ነበር ያቆማት። ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ከክንዱ መኪና ጥቂት የፍሬን ዘይት ቀዳ፤ በሌላ ጣሳ አዲስ ዘይት አደረገ፤ ሁለቱንም ከሰል ላይ ጣዳቸው። የክንዱ ዘይት ወዲያው ይንጣጣና ይፈላ ጀመር። አዲሱ ጸጥ እንዳለ ነው።

«ውሃ አለበት» አለ። «ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ጎማ አያስይዝም። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ነው፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። ማን ነው ውሃ የሚጨምርበት?»

«ውሃ አትበለው!» አለች እናቴ። «የግሽ ዓባይ ጠበል ነው። መኪናዋን የሚያቆማት ይህ የዘይት ዕቃ ነው ብሎ ያሳየኝ ወንዳወቅ ራሱ ነው። በረከቱ እዚያ ካልገባ የት ይግባ? ለእሱም ከዚሁ ጠበል ነበር ጠብ የማደርግለት።»

ጣሳው ብቻ ይንተከተካል።

«እማዬ…» ብሎ ክንዱ ጀመረ።

«ክንዱ፣ ግባና ፔዳሉን ያዝልኝ» አለ ሙሄዲን በቁጣ። ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እናቴ አንዴ እሱን አንዴ ጣሳውን አየች። «ምን ሁናችሁ ነው? የወንዳወቅ መኪና እንግዲህ…»

ሙሄዲን ጎማው ሥር ተንበርክኮ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገባ። ቀና አላለም። «የእሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። ፍሬኑን አግዬ ሳልፈትሽ ለቀቅሁት። ጠበሉን ግን ከእንግዲህ ለልጅዎ ግንባር ያድርጉት። ይህ ዕቃ ከዘይት ሌላ አይስማማውም።»

«አላልኩም?» አለች ወደ እኔ ዞራ። ያን ዓመት ሙሉ ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቀው ዕረፍት ነበር።

ሙሄዲን ከሥር «ርገጥ… ያዝ… ልቀቅ» ይላል፤ ክንዱ እያለቀሰ ይረግጣል። የደፈረሰው ዘይት ከየጎማው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ቀጠሉ። ከዚያ ሙሄዲን ያንኑ ቁልቁለት እንደገና ብቻውን ወረደ። በዚህኛው ጊዜ ያጓራ ነገር አልነበረም። እናቴ ሳትሰናበተው ገብታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህም በጋራዡ በር ባለፍን ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ቀብሯ ላይ ሙሄዲን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ብቻውን ቆሞ አየሁት። ከሾፌሮቹ አንዱ «ደፍሮ መጣ እኮ!» አለ። ክንዱ ሰምቶ ከለቀስተኛው መሐል ወጣና ሄዶ አጠገቡ ቆመ።