ዋሱ የተቀመጡበት ድንጋይ

አጎቴ ምለው አያውቁም። «ክርስቶስ አትማሉ ብሏል፤ አዎ ካልሁ አዎ ነው» ይሉ ነበር። ይህችን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገሯት በእኔ ጉዳይ ነው።

በድንበር ጠብ የጎረቤታችንን ልጅ በዱላ ፈንክቼ፣ ከቢቸና ሞጣ እህቴ ቤት ሸሽቼ ነበር። ሽማግሌዎች ለእርቅ ቀን ሲቆርጡ አጎቴ «ይመጣል» ብለው ዋስ ሆኑኝ። የልጁ ወንድሞች «ይማሉልን» ቢሏቸው ያችኑ ቃል መለሱ።

ቀኑ ሲደርስ ፈራሁ። ስልኬን ዘግቼ ቀረሁ።

ረፋዱ ላይ እህቴ እየሮጠች ገባች። «አንተ ብትቀር አጎታችን ባንተ ቦታ ተቀምጠዋል! ወንድሞቹ ከበዋቸዋል። ‹እሱ እስኪመጣ እኔን ያዙ› ማለታቸውን አሁን በስልክ ነገሩኝ።»

ወዲያው ወደ ቢቸና በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በዳይ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ እየመታቸው አገኘኋቸው። ወንድሞቹ ዱላቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አጎቴ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«መጥቷል» አሉ ለሽማግሌዎቹ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉ። «ቦታህ ነው፤ ተቀመጥ።»

ስቀመጥ ድንጋዩ ገና ትኩስ ነበር። ያን ዕለት እርቅ ወረደ። ስለ መዘግየቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ ማግስት፣ ከሰው ተጣልቶ ዋስ የቸገረው አንድ ዘመዳችን እንደ ልማዱ ወደ እሳቸው ቤት ሄደ። እዚያ ሲደርስ መሞታቸው ትዝ አለው፤ ወደ እኔ መጣ።

«ዋስ ሁነኝ። እምልልሃለሁ፣ አልቀርም» አለኝ።

«አትማል» አልሁት። «ብቻ ና።»