ሦስት ጊንጥ ዓሣ ይዤ ወደ ካዛንቺስ

ሰኞ፣ ማለዳ

ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ስነሳ እግሮቼ መሃል አልኮል የተሞላ ሰፊ ብልቃጥ ነበር፤ ውስጡ ሦስት ጊንጥ ዓሣዎች። ጂቡቲ ዓሣ የሚነግድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። ጥልቅ ባሕር በወረደ አንድ መረብ አብረው የተያዙ ናቸው። ሲመጡ ደም የመሰለ ቀይ ነበሩ፣ አልኮሉ አነጣቸው እንጂ። ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ ጭንቅላታቸው እሾህ በእሾህ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ካሉኝ ጥቂት መጻሕፍት ጋር ባመሳክራቸው ከአንዱም አልገጥም አሉ። “አዲስ ዝርያ ቢሆኑስ?” የሚል ሐሳብ ያዘኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የሚለይልኝ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካዛንቺስ የሚኖሩት ጡረተኛዋ የዓሣ ተመራማሪ ዶክተር ዘነበች። ብደውልላቸው “ይዘህ ና” አሉኝ። የትምህርት ቤቱን እረፍት ጠብቄ ተነሳሁ።

ጭሮ ላይ ለቁርስ ቆምን። ፉል በዳቦ መቶ ሃያ ብር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ብልቃጡን ሲያዩ ቆይተው፣

“ልጄ፣ ይሄ ይበላል?” አሉኝ።

“አይ አባባ፣ ለማስቆጠር ነው የምወስደው።”

“ሦስት ነው እኮ! ሦስት ዓሣ ለማስቆጠር አዲስ አበባ ድረስ?”

የአውቶቡሱ ሰው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የአዋሽን ሙቀትና መተሐራ ላይ ከመንገዱ ዳር የተኛውን ሐይቅ አልፈን፣ በአዳማው ፈጣን መንገድ አመሻሽ ላይ ገባን። ወሎ ሰፈር ያለችው አክስቴ ዘሃራ እኔን ስማ ተቀበለችኝ፣ ብልቃጡን ግን በረንዳ ላይ አሳደረችው።

ማክሰኞ፣ ካዛንቺስ

ከወሎ ሰፈር በሚኒባስ በደምበል በኩል መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ካዛንቺስ። በፊት ከማውቀው ሰፈር አብዛኛው ቤት የለም፤ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው። ዶክተር ዘነበች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሰባን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሹራብ የደረቡ ሴት ናቸው። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ ብልቃጡን ተቀበሉኝ።

“የደረቱን ክንፍ የሚወጥሩትን ዘንጎች ቆጥረሃል?”

“አዎ። አንዱ ሃያ አንድ፣ አንዱ ሃያ ሁለት፣ ሦስተኛው ሃያ አንድ።”

“በየትኛው ጎን?”

“በግራ።”

“በቀኝስ?”

በቀኝ በኩልም መቁጠር እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በአጉሊ መነጽርና በመርፌ አንድ በአንድ አዩአቸው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሦስተኛውን ዓሣ ሲጨርሱ ወደ እኔ ገፉት።

“አሁን አንተ ቁጠር። ምን እንዳገኘሁ አልነግርህም።”

“ግራው ሃያ አንድ ነው።” ዓሣውን ገለበጥኩት። “ቀኙ… ሃያ ሁለት።” ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

መርፌውን አስቀመጡ። ሃያ አንድ ዘንግ ያለው ዝርያ ድሮ በሌላ ሰው የተሰየመ ነው። ሃያ ሁለት ያለውን ደግሞ ከዓመታት በፊት፣ በሁለት ዓሣ ብቻ ተነሥተው፣ አዲስ ዝርያ ነው ብለው የሰየሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከቁጥሩ በቀር ሁለቱን የሚለይ ሌላ ምልክት የለም። ስሙን የሰጡት በእናታቸው ነበር።

“ግራውን ያየ የድሮው ነው ይላል፤ ቀኙን ያየ የእኔ ነው ይላል” አሉ። “አንድ ዓሣ ሁለት ዝርያ አይሆንም። ስለዚህ የእኔ የሚባል ዝርያ የለም። ስም ሲደረብ የቀደመው ይጸናል።”

አዲስ ዝርያዬ እንደ ቀረ እንኳ ወዲያው ልብ አላልኩም። ያሳዘነኝ የእናታቸው ስም ነው።

“ዶክተር፣ አንድ ዓሣ እኮ ነው። ብንተወውስ?”

“ለመሆኑ፣ አንተ ለሦስት ዓሣ ስንት መንገድ መጣህ? ነገ የሚመጣው ልጅ በእኔ ስህተት እንዲንከራተት ነው?”

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ጀርባቸውን ብቻ ነበር የማየው።

“እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም” አሉ። “ስሟ ዓሣ ላይ መዋሉን ስነግራት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳቀችብኝ። ያ ሳቅ ይበቃኛል።”

ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠርገው ተቀመጡና ለሳይንስ መጽሔት የሚላከውን ማረሚያ እዚያው መጻፍ ጀመሩ። በጸሐፊነት የእኔን ስም ከስማቸው አስቀደሙት። “ዓሣውን ያመጣኸው፣ በመጨረሻም የቆጠርከው አንተ ነህ፤ በቃ!” ብለው ክርክሬን ዘጉት። ከዚያ “ራበኝ” አሉና ታች ወርደን ሽሮ በላን። ሒሳቡን እንድከፍል አልፈቀዱልኝም።

ሐሙስ፣ ድሬዳዋ

ረቡዕ ማታ ቤቴ ገባሁ። አዲስ ዝርያ ይዤ አልተመለስኩም፤ እንዲህ ያለ ሰው ማየቴ ግን ለመንገዱ ድካም ከበቂ በላይ ነው።

ሐሙስ ክፍል ስገባ ሐናን የምትባል ተማሪዬን አስነሣኋት። ከእረፍቱ በፊት አንድ የፈተና መልስ ላይ ተከራክራኝ ነበር። ልክ የሆነችው እሷ መሆኗን በሳምንቱ ባረጋግጥም ሳልነግራት ቀርቼ ነበር። በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኳት።

“አውቃለሁ እኮ፣ ቲቸር” አለችኝ ፈገግ ብላ። “እስኪነግሩኝ ነበር የምጠብቀው።”