የቁሐር ሚካኤሉ የሶል ዘፋኝ

መንግሥቴ ወልደ ሥላሴ አሥመራ ላይ፣ አሜሪካኖች ሰፈር፣ ሦስት ዓመት ሳህን አጥቧል። በ1958 ዓ.ም. ወረታ ሲመለስ ግን የሳህኑን ነገር ትቶ ዘፋኝ ሆኖ መጣ። ሱሪው ከመጥበቡ የተነሣ ሲቀመጥ ትንፋሹን መያዝ ነበረበት። በእጁ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻና አንዲት ሸክላ ይዟል።

ሸክላዋ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሶል በሚሉት ስልት፣ እንደሚገረፍ ሰው ይጮኻል። መንግሥቴ ገበያ መካከል ከፈታት።

«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉት።

አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ» አለ።

ማን ይከራከረው? እንግሊዝኛ ያውቃሉ የሚባሉት መምህር አያልነህ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አለማወቃቸው እንዳይታወቅባቸው፣ «ለዛው ያስታውቃል፣ የሱው ነው» ብለው መሰከሩ። እናቱ ሸዋነሽ ብቻ፣ «ልጄን ምን አድርገውት ነው እንዲህ የጮኸው?» ብላ አለቀሰች።

ወሬው ቁሐር ሚካኤል ደረሰ። ባለብዙ ከብቱ ግራዝማች ገብረማርያም በጥር ልጃቸውን ሲድሩ፣ አዝማሪዋ ጸሐይነሽ ከነባሏ መጥታ ሳለ፣ እሷን ዝም አሰኝተው መንግሥቴን አስነሡት። ሸክላዋን ከፍቶ ጉልበቱን እያርገፈገፈ፣ አፉን ከድምፁ እኩል ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ሕዝቡ ጉድ አለ። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተጎተተ፤ ወፈረ፤ እንደ ታመመች ላም አቃሰተና ጠፋ። የመንግሥቴ አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉ ግራዝማች።

«ድንጋዩ አለቀ፣ ጌታዬ።»

«ዘፋኙ አንተ አይደለህ? ድንጋዩን ምን አገባው? ጨርስልን እንጂ!»

መንግሥቴ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው የወጥ ቤቱ አለቃ ሲጮህበት የሰማውን ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፈነ።

«ፎርክ! ስፑን! ኦ... ፕሌት! ፕሌት! ፕሌት!»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሚዜዎቹ፣ «ምን እያለ ነው?» ብለው ወደ መምህር አያልነህ ዞሩ።

«ጥላው የሄደች ወዳጁን ይጠራል» አሉ መምህሩ። «ፕሌት የልጅቱ ስም ነው።»

ሴቶቹ ለፕሌት አለቀሱላት።

ጸሐይነሽ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ በባሏ መሰንቆ አስመትታ «ፕሌት፣ ፕሌት»ን ከሐሙሲት እስከ አንበሳሜ አዳረሰችው። ድምፅም ስላላት ሠርገኛው ሁሉ እሷን ይጠራ ጀመር። መንግሥቴን የሚያስታውስ ጠፋ። በግኖ ዳኛ ፊት ከሰሳት።

«ዘፈኔን ሰርቃኛለች!»

«እኔ የማላውቀውን ነው የምዘፍን» አለች ጸሐይነሽ። «የሱ ከሆነ ፍቺውን ይንገረን።»

ዳኛው፣ «እውነቷን ነው፤ በል» አሉት።

መንግሥቴ ግራ ቀኙን አየ። ኀፍረቱና ቅናቱ ሲታገሉ ቆዩ፤ ቅናቱ አሸነፈ።

«ሹካ... ማንኪያ... ሳህን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልሰማንህም!»

«ሹካ! ማንኪያ! ሳህን፣ ሳህን፣ ሳህን!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይህ የወጥ ቤት ዕቃ እንጂ ዘፈን አይደለም» ብለው መዝገቡን ዘጉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ችሎት ሊሰሙ የመጡትን መምህር አያልነህን ማየት ያዘ። እሳቸው ግን ሳይደነግጡ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሹካና ማንኪያው ሰሙ ነው» አሉ። «ወርቁ ፍቅር ነው።»

ሕዝቡም፣ «መማር ደግ ነው!» ብሎ ተደነቀ።

ጸሐይነሽ መንግሥቴን ደጅ ላይ አገኘችው። «ድምፅ የለህም» አለችው። «ያ መርገፍገፍህን ግን አገሩ ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔ ስዘፍን ትጨፍራለህ?»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ዳሩ ግን ቁርስ አልበላም ነበር። «እሺ» አላት።

በሚቀጥለው ጥር ግራዝማች ሁለተኛዋን ልጃቸውን ሲድሩ፣ ጸሐይነሽ እየዘፈነች መንግሥቴ በላብ ተጠምቆ ተርገፈገፈ። ጭፈራውን እውነትም ያውቅበት ነበር። ግራዝማችም መንግሥቴ እግሩን እንደ ልቡ እንዲወረውር፣ ቄሶቹን ትንሽ ፈቀቅ እንዲሉ ለመኗቸው።