ዋስ ካልመጣ ቱርቦ የማይነኩት ኦቦ ደበላ

ኦቦ ደበላ ማረፋቸውን ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ደጃፌ ላይ ቆማ ስትነግረኝ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ ከእንባዬ ቀድሞ የመጣው ፍርሃት ነው። ልጄ ገመቹ በዚያች ሰዓት አባቱ የተወልንን ፒካፕ ይዞ ሰበታ ነበር። እዚያ ያለ አንድ መካኒክ «መለኪያ ጌጅ የፈሪ ነው፤ የቱርቦዋን ግፊት ባንድ ጠዋት እጥፍ አደርግልሃለሁ» እያለ ሲያማልለው ሰንብቷል። ልጄን «እምቢ» ብለው የሚያስቆሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሞቱ። እኔ እናቱ ነኝ፤ የእኔ እምቢታ ግን ለእርሱ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ይሰማዋል እንጂ አያስቆመውም።

እኒህን ሰው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ የተሳሳትኩትን አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

ኦቦ ደበላ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ጋራዥ ጸጉራቸው እስኪሸብት ሠርተዋል። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ፒካፗ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዶሮ ያድርባት ነበር። ማንም ሳይጠራቸው መጡ። «አዴ ብርቄ፣ ሰውዬሽ መኪና ነው የተወልሽ፤ የዶሮ ቤት አታድርጊያት እንጂ» ብለው ሥሯ ገብተው ተኙ። በሁለተኛው ቀን አስነሷት። ገመቹም ከተፍኪ ሽንኩርት እየጫነ ሱሉልታ ማድረስ ጀመረ፤ ቤታችን እስከ ዛሬ የሚተዳደረው በዚያ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን አጣሁት ብል አላበዛሁም። እኔ ጎመን ሳቀርብለት ፊቱን የሚያዞረው ልጅ፣ ጋራዥ ገብቶ ከእሳቸው ምሳ ዕቃ ጎመን ይበላል። እንደ እሳቸው ጉሮሮውን ጠርጎ መናገር ለመደ። «እማ፣ ኦቦ ደበላ እንዲህ አሉ» ያላለበት እራት አላስታውስም። አንድ ቀን «እሳቸው ወጥ አይሠሩም ወይ? እዚያው እራትህን አትበላም?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

የሱሉልታ ዳገት ፒካፗን ከነጭነቷ እያስቃሰታት ሲያስቸግር፣ ገመቹ ለሞተሩ አየር የምትነፋውን የቱርቦዋን ግፊት «ይጨምሩልኝ» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው መች የግፊቱን ብሎን ይነካሉ! መጀመሪያ ያየር ፊልትሮውን አውጥተው አራገፉት፤ አቧራው ሁለቱንም አለበሳቸው። ቀጥሎ አየር ወደ ሞተሩ የሚያልፍበትን የላስቲክ ቱቦ በሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚያወጣበትን ስንጥቅ አሳዩት። «ያለህን ትንፋሽ እያፈሰስክ ሌላ ትንፋሽ ትለምናለህ?» አሉት። ቱቦው ሲቀየር የጠፋው ጉልበት ግማሹ ተመለሰ።

«ለቀረው ዋስ ይዘህ ና» አሉት። ጓደኛውን ይዞ ሄደ፤ መለሱት። «ጓደኛ ‹ጨምር› ይላል እንጂ ዋስ አይሆንም። አንተ ብትጎዳ ቆሞ መሄድ የሚያቅተው ሰው አምጣ። ፈሪ ይሁን።» እኔን ወሰደኝ። ፈሪነት ለሥራ ሲፈለግ ያን ቀን አየሁ።

ከፊቴ ሁለት ጌጅ ገጠሙ፤ አንዱ የቱርቦውን ግፊት፣ ሁለተኛው የጭሱን ሙቀት ያሳያል። መስታወታቸው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመሩ። «ቁጥሩን ተዪው፤ አንዱ መርፌ ቀዩን ሲነካ ‹በቃ› በይ» አሉኝና ከኋላ ተቀመጡ። ብሎኑን ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ ዳገቱን እንወጣለን፣ ወርደው ያዳምጣሉ፣ ጭሱን ያያሉ። በሦስተኛው ሩብ ጭሱ ጠቆረ፤ የሙቀቱም መርፌ ቀዩን ነካ። «በቃ!» ብዬ ጮህኩ። ገመቹ ግን በመስታወቱ ወደ ኋላ፣ ወደ እሳቸው ዓይን ነው ያየው። እሳቸው እሺ ሲሉት ነው እግሩን ከነዳጁ ያነሳው።

ያን አየሁ። አልረሳሁትም።

እሳቸው ሩቡን መልሰው ብሎኑ ላይ ነጭ ምልክት አደረጉበት። «ፋብሪካ ይህን ሞተር በልኩ ነው የሰፋው፤ ጣት ብትጨምርበት ይችላል፣ ክንድ ብትጨምርበት ይቀደዳል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦዋ ሳትነካትም እየሮጠች ነው» አሉት። ልጄ አፋቸውን ያይ ነበር፤ እኔ ልጄን።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ሥርዓተ ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት በተወለዱበት ሱሉልታ ነበር። ገመቹ ስደውልለት ከሰበታ ዓይኑ አብጦ መጣ። ለአባቱ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። የሬሳው መኪና ቀድሞን ስለነበር ተከትለን ወጣን። ዳገቱ ላይ ፒካፗ እንደማላውቃት ሆና ዘለለች። ሁለቱም መርፌዎች ቀዩን አለፉ።

«ሰበታ ምን አድርገህባት ነው የመጣኸው?»

እግሩን ከነዳጁ አላነሳም።

«ገመቹ፣ በቃ!»

«እማ፣ ሬሳው እኮ ይቀድመናል!»

«ይቅደመና! እኛም ሬሳ ሆነን እንከተላቸው?»

ከሞተሩ ውስጥ በድንጋይ እንደሚቀጠቀጥ ያለ ድምፅ መጣ። ከኋላ ማንም አልነበረም። ወደ መስታወቱ አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ፤ እግሩን አነሳ። ዳር ይዞ ቆመ። ወዲያው ሳያጠፋት፣ እንደተማረው ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ተዋት። ከዚያ ወርዶ መፍቻውን አነሳና ብሎኑን ወደ ነጩ ምልክት መለሰው።

እጁን እየጠረገ «ኦቦ ደበላ ሁሌ ምን ይሉኝ ነበር መሰለሽ?» አለኝ። «‹እናትህ በቃ ካለች እኔን አትጠይቅ፤ ከእሷ በኋላ የምናገረው የለኝም› ይሉኝ ነበር።»

ይህንንም የነገሩት ለእሱ ነው፤ ለእኔ አይደለም።

አፈር ከለበሱ በኋላ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ልጄን አቀፈው፤ እኔ በሕይወት አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባቱን እንደቀበረ ሰው አጽናኑት። ቀናሁ። ቢሆንም ትከሻው በትከሻዬ ላይ ነበር፤ ይሞቃል።

ኦቦ ደበላ፣ በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ቀንቼብዎታለሁ፤ አሁንም ቅናቴ አልወጣልኝም። ልጄን የወሰዱብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በየቀኑ ወደ እኔ ይልኩት ኖሯል። ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ለዚህ እንኳ ተቀይሜዎታለሁ። አመሰግንዎታለሁም። ዳገቱን ወጥተናል፤ ሞተሯ ቀዝቅዛለች፤ ልጄ ከነሙሉ አካሉ አጠገቤ አለ። ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑ፣ ኦቦ ደበላ። ስለ እኛ አይስጉ፤ በደህና ገብተናል።