በምጽዋ ወደብ አፍ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ገመድ የሚባል አልነካሁም። የመርከብ አስገቢው ካፒቴን ዑስማን ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ና ተከተለኝ» አሉኝና በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ራስ ሙድር ላይ ወዳለው አሮጌ ምሽግ ይዘውኝ ወጡ። ገና ጠዋት ነው፤ ግን የግንቡ ድንጋይ የጫማዬን ሶል አልፎ ያቃጥላል። እኔ የጎጃም፣ የሲናን አገር ልጅ ነኝ። ያደግሁት ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ በሚታይበት አገር ነው። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ፣ እዚህ አገር አንድ ሳምንት የምቆይ አልመሰለኝም።

«ወደቡን ከዚህ ሆነህ ካላየኸው፣ ታች ወርደህ አይገባህም» አሉኝ። «እስቲ እየው። ምን ይመስልሃል?»

አየሁት። ሁለት ደሴቶች በድንጋይ መንገድ እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር ተያይዘዋል። ከውሃው ማዶ በሰሜን በኩል አብዱልቃድር የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት እንደ ክንድ ታጥፎ መጥቷል። በእሱና በቆምንበት ጫፍ መካከል ያለው መግቢያ ጠባብ ነው። ከመግቢያው ውጭ ባሕሩ ይገለባበጣል፤ ከውስጥ ያለው ውሃ ግን ጥልቅ ነው፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«በአንድ በር ብቻ የሚገባበት አምባ ይመስላል» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጎጃሜ አይደለህ! ልክ ነህ፣ አምባ ነው። የእናንተን አምባ ገደል ይጠብቀዋል፣ የእኛን ውሃ።»

እዚያው ግንቡ ላይ ተቀምጠን ታሪኩን አጫወቱኝ። ቱርኮች መጥተው በሩን ያዙ። ከእነሱ በኋላ ግብጾች፣ ከግብጾች በኋላ ጣሊያኖች። ሁሉም መጀመሪያ የሠሩት ቤት ሳይሆን በሩን የሚያይ ምሽግ ነው። ድንጋዩ ከባሕር የወጣ የዛጎል ድንጋይ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ላየው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ጣሊያን መሸነፉን ሲያውቅ ጠላቱ ወደቡን እንዳይጠቀምበት መርከቦቹን ራሱ አሰመጣቸው። የካፒቴን ዑስማን አባት ጠላቂ ነበሩ፤ ያንን ብረት ከባሕር ሲያወጡ ኖረዋል። «ወደብ የተፈጥሮ ስጦታ ነው ይላሉ» አሉኝ ካፒቴኑ። «ስጦታስ ነው። ግን በሩ ላይ ሰው ከሌለ ወጥመድ ነው።»

ያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ምጽዋ ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልግም ነበር። ትምህርቴን ደብረ ማርቆስ ጨርሼ፣ ወደቡ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምቼ ነው የሄድኩት። ማዕረጌ ረዳት መርከበኛ ሆነ። ረዳት መርከበኛ ጀልባ ያጥባል፣ ገመድ ይጠቀልላል፣ የታዘዘውን ያደርጋል። ከዚያ መርከበኛ፣ ከዚያ የጀልባ ነጂ። ነጂ እስክሆን ዓመታት ፈጀብኝ።

ለማያውቁ ሥራችንን ባጭሩ ልንገር። ማንኛውም ትልቅ መርከብ በራሱ ካፒቴን ብቻ ወደብ አይገባም። የውሃውን ጠባይ፣ የድንጋዩን ቦታ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ተሳፍሮ ይመራዋል፤ አስገቢ የሚባለው እሱ ነው። መርከቡ ከውጭ ቆሞ ቢጫና ሰማያዊ መስመር ያለው ባንዲራ ይሰቅላል፤ «አስገቢ ላኩልኝ» ማለቱ ነው። እኛ አስገቢውን በትንሽ ጀልባ ይዘን እንወጣለን። መርከቡ ነፋሱን በአንድ ጎኑ ይከልልልናል፤ በተከለለው ጎን ተጠግተን እንሄዳለን። ከላይ የገመድ መሰላል ይወርዳል። አስገቢው ከጀልባዋ ተነሥቶ መሰላሉን ይይዛል። አስገቢው ሲሳፈር ባንዲራው ወርዶ ነጭና ቀይ ይሰቀላል።

ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ ጀልባዋ ትነሣለች፣ ትወርዳለች፤ መርከቡ ግን እንደ ግንብ ቆሟል። አስገቢው መሰላሉን የሚይዘው ጀልባዋ ማዕበሉ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ወርዳ ሳለች ከያዘ ተመልሳ ስትነሣ እግሩን ትጨፈልቀዋለች። ነጂው ይህን ሁሉ በእጁ መዳፍ ማወቅ አለበት።

ነጂ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባዬን አስሬ ስወጣ አባቴ የወደቡ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው በዚያ ሙቀት ቆመዋል። ደነገጥኩ። የሞተ ሰው አለ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ማን እንደሞተ ጠየቅኋቸው።

«ሁሉም ደኅና ነው። ሞተ ያሉን አንተን ነው» አሉኝ።

ለካ የሆነ ነጋዴ ደጀን ላይ ከሾፌሮች ሰምቶ፣ ምጽዋ ጀልባ ሰጠመ፣ የጎጃም ልጅ አለበት የሚል ወሬ አገር ቤት አድርሷል። እናቴ እህል አልቀምስም ብላ ተኝታለች። አባቴ በአባይ በረሃ ወርደው፣ በአዲስ አበባና በአሥመራ አልፈው፣ አውቶቡስ እየቀያየሩ የመጡት ሬሳዬን ሊጠይቁ ነበር። አንድ ጊዜ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ለቀቁኝ። ቀጥሎ የተናገሩት ግን «ዕቃህን ሰብስብ፤ ነገ እንነሣለን» የሚል ነው።

«አባቴ፣ ሥራዬስ?»

«መሬቱ አለ፣ በሬው አለ። ልጀ፣ እናትህን ሁለተኛ አትግደላት።»

ማታ በሶ በጥብጠው ሲጠጡ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ጠዋት ለካፒቴን ዑስማን አባቴ ሊወስዱኝ መጥተዋል፣ ሥራ ልለቅ ነው አልኳቸው።

«አባትህ ባሕሩን አይተውታል?» አሉኝ።

«በአውቶቡስ መስኮት።»

«ዛሬ አንድ የስንዴ መርከብ ይገባል። ወደ ምሽጉ ውሰዳቸው። ያየ ሰው ይፍረድ። ከዚያ በኋላ ሂድ ካሉህ ትሄዳለህ፣ እኔም አልቀየምህም።»

የድርቁ ዘመን ነበር። በዚያ መርከብ ላይ ያለው ስንዴ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴን ራስ ሙድር ግንብ ላይ፣ ለመርከቦች የሚበራውን መብራት የሚጠብቀው ሰው በሚቀመጥበት ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸውና ወረድኩ።

ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ እየበረታ ነበር። እንደ ደንቡ መርከብ የምንቀበለው ርቀን ሄደን ነው፤ ያን ቀን ግን ባሕሩ ስለከፋ መርከቡ ወደ መግቢያው ቀረብ ብሎ እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ጀልባዋ ላይ ሦስት ነን። እኔ መሪው ላይ፣ በራኺ የሚባል መርከበኛ ከፊት፣ ካፒቴን ዑስማን ከጎኑ። በተከለለው ጎን ገባን። መሰላሉ ወረደ። በራኺ ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው፣ ያዘ። ጀልባዋ ተነሣች፤ ካፒቴኑ ያዙና ወጡ። አራት አምስት እርከን እንደወጡ የመሰላሉ አንደኛው ገመድ ከላይ፣ ከመርከቡ ጠርዝ ላይ፣ ተበጠሰ። መሰላሉ እንደ በር ተገለበጠ። ካፒቴን ዑስማን በጀልባዋና በመርከቡ መካከል ውሃ ውስጥ ገቡ።

ሞተሩን ወዲያው ከማርሽ አወጣሁት፤ ከጀልባዋ ሥር የሚሽከረከረው ስለት እንዳያገኛቸው። መሪውን ወደ ውጭ አዞርኩ፤ ከመርከቡ ጋር እንዳንጨፈልቃቸው። በራኺ ክብ መንሳፈፊያውን ወረወረ፣ ግን ነፋሱ ወሰደው። ጡሩምባውን ደጋግሜ ነፋሁ። የመርከቡ ካፒቴን ገባው፤ መልሕቁ ሲወርድ የሰንሰለቱን ጩኸት ሰማሁ። መርከቡ ቆመ ማለት ነው። ወደ በሩ ያለ መሪ ቢነዳ ኖሮ መግቢያውን ዘግቶ ሊቀር ይችል ነበር። እሱን ትቼ ዞርኩ።

ሰውየው የሉም።

ከጀልባ ላይ ሆኖ በማዕበል ውስጥ የሰው ራስ መፈለግ ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። ማዕበሉ ከዓይንህ በላይ ነው። ስትነሣ ታያለህ፣ ስትወርድ ግድግዳ ነው። ነጭ ነገር ሁሉ ሰው ይመስላል፤ ሁሉም አረፋ ነው። ውሃው ደግሞ ከወደቡ ወደ ውጭ እየወጣ ነበርና ወዴት እንደወሰዳቸው አላውቅም። በራኺ ስማቸውን ይጣራል። እኔ በልቤ እናቴን እያሰብኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ማዕበል ከፍ ሲያደርገን ዓይኔ ምሽጉ ላይ አረፈ። ግንቡ ጫፍ ላይ ረጅም ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል። አባቴ ናቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው መቋሚያቸው ጫፍ ላይ አስረውታል። ራሳቸው ባዶ ነው። አባቴን ያለ ጥምጥም ከቤት ውጭ አይቻቸው አላውቅም። መቋሚያውን ወደ ላይ አያውለበልቡትም፤ እንደ ጦር አግድም ይዘው ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ሲጠቁሙ ደግሞ በግንቡ ላይ ይራመዳሉ፤ የሚያዩት ነገር እየተንሳፈፈ ነው ማለት ነው።

«በራኺ! መቋሚያውን እይ!» አልኩት።

መቋሚያው ወዳሳየን ነዳሁ። ስንርቅ አባቴ ጨርቁን ወደ ቀኝ ሲያደርጉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያደርጉ ወደ ግራ። በመጨረሻ መቋሚያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሞተሩን ቀነስኩ። በራኺ «እነሆ!» አለ። ካፒቴን ዑስማን ከፊታችን፣ በአንድ እጃቸው ብቻ ውሃውን ይገፋሉ፤ አፋቸው ከውሃው በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። ነፋሱን ከልዬላቸው ተጠጋሁ። በራኺ በብብታቸው ይዞ፣ እኔ በቀበቷቸው ይዤ ጎትተን አስገባናቸው። ወለሉ ላይ ተኝተው የጠጡትን ውሃ አወጡ። አንድ ክንዳቸው ተሰብሯል። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁት «መርከቡስ?» የሚል ነው።

«መልሕቅ ጥሏል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተኙ። እኔ መሪውን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። በራኺ ይስቃል። ሁለታችንም ያው ነበርን።

መርከቡን ከሰዓት በኋላ ሌላ አስገቢ፣ በሌላ መሰላል ወጥቶ አስገባው። ስንዴው ሲራገፍ ሰነበተ።

በማግሥቱ ከአባቴ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ካፒቴን ዑስማን ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ተቀምጠዋል። ሊነሡ ሲሉ አባቴ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«አባ፣ እንዴት አዩኝ?» አሏቸው። «ጠባቂውስ የት ነበር?»

«እሱ ስልክ ሊደውል ሮጠ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሲወድቅ አየሁ። ዓይኔን ካነሣሁ የማጠፋዎት መስሎኝ፣ ሳልጨፍን ቆምኩ። ዓይኔ እስካሁን ያቃጥለኛል።»

«ልጅዎን ሊወስዱ መጥተው ነበር አሉ።»

«መጥቼ ነበር» አሉ አባቴ።

ከዚያ ወጥተን በድንጋዩ መንገድ ስንሄድ ቆም አሉ። «አንተየ፣ ባሕር ላይ የምትኖር ይመስለኝ ነበር። ለካ በረኛ ነህ።»

«ምን አሉኝ?»

«በረኛ። ቤተ ክርስቲያን ያለ በረኛ ያድራል? አያድርም። ለእናትህ ባሕር ላይ ነው አልላትም፤ ወደብ በር ላይ ነው የሚሠራው እላታለሁ። ውሸት አይደለም።» ፈገግ አሉ። «ደብዳቤ ግን ጻፍ። ሾፌር ወሬ አይጨርሰን።»

በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ። አውቶቡሱ ሲነሣ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ከመጡ ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ የኖርኩ ያህል። እናቴ እህል መቅመሷን ብዙም ሳይቆይ በደብዳቤ ሰማሁ።

ጦርነቱ ወደ ምጽዋ ሲቀርብ ወደ አሰብ ተዛወርኩ፤ በኋላም ጅቡቲ ላይ ለአገሬ ጭነት ሠራሁ። ጡረታ ወጥቼ አሁን ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። አባቴም እናቴም በዕድሜ ጠግበው አርፈዋል። ምጽዋን ከለቀቅኩ ወዲህ አላየኋትም፤ ስለ ካፒቴን ዑስማንም ለረጅም ዘመን የሰማሁት ነገር አልነበረም። በጦርነቱ ሞተው ይሆን እያልኩ ኖሬያለሁ። በሁለቱ አገሮች መካከል ተዘግቶ የነበረው ስልክ የተከፈተ ሰሞን፣ አሥመራ ዘመድ ያለው ጎረቤቴ ቁጥራቸውን አፈላልጎ አመጣልኝ። ወዲያው ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች፤ ልጃቸው ናት።

«አባቴ እዚህ ነው፣ ቆይ» አለችኝ።

ድምፃቸው ሸካራ ሆኗል፣ ግን እሳቸው ናቸው። ብዙ አልተናገርንም። «አለህ?» አሉኝ፣ «አለሁ» አልኳቸው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደግመው «አለህ?» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ዛሬ ከአካባቢያችን ልጆች ባሕር ዳር ሄደው የመርከበኝነት ሙያ የሚማሩ አሉ። ለእረፍት ሲመጡ አንዳንዶቹ ቤቴ ጎራ ይላሉ፤ ስለ መርከብ ስፋትና ስለ ሩቅ አገር ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ግን ይህን ነው። በመሰላል ከመውጣታችሁ በፊት ከታች ብቻ ሳይሆን ገመዱ ከላይ የታሰረበትንም ቦታ ሰው ይፈትሽ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ሰው ምንም ሌላ ሥራ አይሠራ፤ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ዓይኑን ከወደቀው ላይ አይንቀል። ገመዱንና ሞተሩን ሌላው ይሠራዋል።