የወንድሟ ኮዳ

ጋምቤላ መናኸሪያ የአቦቦን መኪና ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አሮጌ የወታደር ኮዳ በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች። የጎማ ጫማዋ ወርቅ የሚወጣባትን የዲማን ቀይ አቧራ ጠግቧል። ላቧን በክንዷ ትጠርጋለች እንጂ ኮዳውን አታስቀምጥም።

ኮዳው ጦርነት ሄዶ በዚያው የቀረው ወንድሟ ንብረት ነው፤ ስሙን በሚስማር ጭሮበታል። ያገኘችው ዲማ፣ የወታደር ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ አንድ ወርቅ ገዢ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው።

እኔ ነደድኩ። "የሞተ ሰው ዕቃ ጌጥ ነው እንዴ? እንዴት አልተቆጣሽውም?"

"ምን ብዬ፣ ወንድምዓለም? ስሙን ሳነብለት ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደልኝ። እሱ ባያስቀምጠው ከየት አገኘው ነበር? እግዜር ይስጠው።"

በእነሱ ወግ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚለቀሰው ዕቃው ድንኳን መሃል ተይዞ ነው። የወንድሟ ልብስ ግን ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። እናቱ የምትይዘው ነገር አጥታ እስካሁን አልቅሳ አልወጣላትም።

"ነገ እናቴ ታለቅሳለች" አለችኝ፣ ሰርግ እንደሚጠራ ሰው ፊቷ በርቶ። "ሰውዬውንም ጠርቼዋለሁ። አንተም ና።"

እሄዳለሁ። ሰውዬውም ከመጣ ተነስቼ ቦታዬን እለቅለታለሁ።